የአያ ሰይድ ግራ እጅ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች መሣሪያውን በባጃጅ ጭኖ ሱቄ ድረስ መጣ። ቆቦ ውስጥ ስልክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ኪቦርድ ሲመጣልኝ ግን ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን እላለሁ። "እትዬ፣ ፔዳሉ ተይዟል። እግሬን ካነሳሁም በኋላ ድምፁ አይቆምም" አለኝ። ፈታሁት። ውስጡን የሞላው የእኛው የቆቦ አቧራ ነበር። ጠረግሁለት፤ የላላችውንም ሽቦ በይጄ ገጠምኩለት።

ሊሞክረው ተቀመጠና የክራር ድምፅ መርጦ አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ መታት። ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። አራቱም አንድ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። "ክራሩ አሪፍ ነው አይደል?" አለኝ። መፍቻዎቼን ሰበሰብኩ። ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በር ላይ ቆምኩ፣ የተከፈተ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ትቼ መንገዱን ተሻገርኩና ምን ልሠራ እንደተሻገርኩ ጠፍቶኝ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚያደርገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ነገሩ ሲጀምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደሴ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ተመልሻለሁ። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ቦታ አገኘ፤ እኔ አላገኘሁም። ጧት ጧት ወደ መናኸሪያ እወርድና ወደ አላማጣና ወደ ወልድያ የሚሄደውን መኪና ሁሉ ቆሜ አያለሁ። የማሳፍረው ሰው የለኝም፣ የምቀበለውም የለኝም። እናቴ "ምን ጠፍቶብሽ ነው?" ትለኛለች። ቢጠፋብኝማ እፈልገው ነበር። የምፈልገው ነገር ስሙ እንኳ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ነው የሚያቁነጠንጠኝ። ስቀመጥ እግሬ ብቻውን መሬት ይመታል። አጎቴ ብርሃኑ "የእህቴ ልጅ እግር ውስጥ ጉንዳን ገብቷል" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ይህ አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሰርግ ባንድ ነበረው። ባንድ ይባል እንጂ አንድ አሮጌ ሚኒባስ፣ ሁለት ስፒከር፣ እኔም ልጅ ሆኜ መጫወት የለመድኩበት አንድ ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ አንድ ዘፋኝና አያ ሰይድ ነበሩ። አያ ሰይድ ክራር መቺ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ለወሬ የማይቸኩሉ ሰው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር እሳቸውን ሳይጠራ አይድርም። ድግስ የደገሰ ሰው አጎቴ ዘንድ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ሰይድ ይመጣል?" ነው። ስለ ዘፋኙ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ዘፋኙ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ጮክ ብሎ ነው የሚዘፍነው።

የጥቅምት መጨረሻ ላይ አጎቴ ከደሴ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና የሙዚቃ ፕሮግራም ያለበት አንድ ሲዲ ይዞ ተመለሰ። እዚያ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ማሲንቆና ዋሽንት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ በኪቦርድ የሚጫወት ሰው አይቶ ልቡ ተሰርቋል። ላፕቶፑን ፊቴ አኖረው።

"ትርንጎ፣ ይኼን ነገር ትችይዋለሽ?"

"ምኑን?"

"ክራሩን እዚህ ውስጥ ማስገባት ነዋ።"

"አያ ሰይድስ?"

አጎቴ የላፕቶፑን ክዳን በእጅጌው ወለወለ። "ሚኒባሱ ጠቦናል" አለ። "ክራሩን ካስገባሽልኝ ከጥር ጀምሮ በሳቸው ቦታ አንቺ ትቀመጫለሽ።"

መልሴ "ላስብበት" መሆን ነበረበት። እኔ ግን ወዲያው "እችለዋለሁ" አልኩ። ለአያ ሰይድ አላዘንኩም ማለቴ አይደለም። አዝኛለሁ። ነገር ግን ወንበሩ ታየኝ። ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮት ሥር ያለችው የአያ ሰይድ ወንበር። በሚሄድ ነገር ላይ መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ማን ተነስቶልኝ እንደምቀመጥ ማሰብ አልፈለግሁም። ወጣትነት ደግ ነው ይሉኛል። እኔ ሳስታውሰው ችኩል ነበር።

ለእሳቸው የነገርኳቸው ሌላ ነው። "አያ ሰይድ፣ ክራርዎን ለማስታወሻ ልቅዳልዎት" አልኳቸው።

"ለማስታወሻ? ሞትኩ እንዴ?" ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ግን ክራራቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ።

የቀዳንበት ክፍል የአጎቴ እህል ቤት ነው። ግድግዳው ሙሉ የማሽላ ጆንያ ተደርድሮበት ስለነበር የውጭ ድምፅ እምብዛም አይገባም፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም። ጎረቤት ያለው ወፍጮ እስኪያርፍ እንጠብቃለን። በዚያ መሐል አያ ሰይድ ጥንቅሽ በጥርሳቸው እየላጡ ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል። የዚያ ዓመት ጥንቅሽ ማር ነበር። ምጣጩን በር ላይ ስንከምር ጉንዳን መጣበት፤ እሳቸውም "ያንቺ ናቸው፣ ከእግርሽ የወጡ" አሉኝ። የአጎቴ ቀልድ እሳቸው ዘንድም ደርሷል ማለት ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። እያንዳንዱ የክራር ክር ለየብቻው ይቀዳል፤ ለስለስ ተደርጎ ሲመታም፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታም። ከዚያ ቅጂው ለአንዲት የኪቦርድ ቁልፍ ይሰጣል። ቁልፏ ስትነካ ክራሩ ይሰማል። ቁልፏ ስትደጋገም ምን ይሁን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ምን ይሁን የሚለውን ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ በመስመር በመስመር ትእዛዝ ይጽፍለታል። ኮምፒውተር ያልተነገረውን አያውቅም። የተነገረውን ደግሞ ሞኝ አገልጋይ ይመስል እንደወረደ ይፈጽማል።

አያ ሰይድ ክራሩን አቀፉ። ግራ እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ከኋላ በኩል ክሮቹ ላይ አሳረፉና በቀኛቸው መቱ። ድምፁ መጣ፣ ወዲያው ታፈነ።

"ግራ እጅዎን ያንሱልኝ" አልኳቸው።

አነሱ። መቱ። ድምፁ ገና ሳያልቅ ግራ እጃቸው ሳይታዘዝ ተመልሶ መጣ። "አያ ሰይድ፣ ግራ እጅዎ!" አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ወፍጮውም ሊነሳ ነው። በመጨረሻ ክራሩን በጉልበታቸው ደግፈው ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገቡና ተቀመጡበት።

"በአንድ እጅ ክራር አይናገርም፣ ልጄ" አሉኝ።

"እኔ የምፈልገው ንጹሑን ድምፅ ነው።"

እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ስድስቱንም ክር መቱልኝ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አርባ ዓመት የመታ ሰው ግማሽ ሙያውን ከሥሩ አስቀምጦ እንዲሠራልኝ ያዘዝኩ እኔ ነኝ፤ የማውቀው ነገር ቢኖር ደግሞ ላፕቶፑን መክፈት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር የያዝኩት። ቁልፏን ስደጋግማት ግን ያው አንድ ድምፅ እየተመላለሰ የወፍጮ ሞተር ይመስል ነበር። ስለዚህ እንደገና ጠርቼ እያንዳንዱን ክር አራት አራት ጊዜ አስመታኋቸው። ቁልፏ ስትደጋገም አራቱ ቅጂ በየተራ እንዲሰሙ ትእዛዝ ጻፍኩ። በራሴ ኮርቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና "አራተኛው ላይ ያነክሳል" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በአራተኛው ቅጂ ላይ ጥፍራቸው ክሩን ጫር አድርጎታል። ተራው ሲደርስ ያ ጭረት ሳይዛነፍ ይመለሳል።

"ሰው ተራ ጠብቆ አይሳሳትም" አሉኝ። "መሳሳት በመጣበት ጊዜ ነው የሚሳሳተው።"

ተራውን ሰረዝኩት። ኮምፒውተሩ ያገኘውን ቅጂ እንዲያነሳ፣ አሁን የመታውን ግን ወዲያው እንዳይደግመው አዘዝኩት። ይህን ለማግኘት ሳምንት ፈጀብኝ፤ መብራት በሄደ ቁጥር አስፋልት ላይ ወጥቼ ስዞር እቆያለሁ። የተስተካከለውን ያሰማኋቸው ቀን ፊታቸው በራ። "ወላሂ ነፍስ ዘራበት!" አሉ። ደስ አላቸው፤ እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው። ወንበራቸውን የሚወስድባቸውን ነገር ነበር የሚያደንቁት።

ጥር መጣ። የመጀመሪያው ሰርግ ጎብዬ ነበር። አጎቴ አያ ሰይድን "በዚህ ሳምንት ትንሽ ይረፉ" ብሎ አስቀራቸው፣ እኔም መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መንገዱ ዳርና ዳር የታጨደ የማሽላ አገዳ ተቆልሏል፤ ሞቃት ነፋስ በመስኮት ይገባል። እኔ ግን ጎብዬ ቶሎ አልደርስ ብሎኝ ሾፌሩን "ንዳው እንጂ!" እያልኩ ነዘነዝኩት።

ዳሱ ጢም ብሏል። አጎቴ ማይክራፎኑን ያዘና "ዛሬ የሰይድን ክራር በኮምፒውተር ታደምጣላችሁ!" ብሎ አወጀ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ፔዳሉ መናገር አለብኝ። በጻፍኩት ትእዛዝ መሠረት ፔዳሉ ካልተረገጠ ጣቴን ከቁልፏ ሳነሳ ድምፁ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ብጥስ ይላል። ፔዳሉ ከተረገጠ ደግሞ ክሩ እስኪያልቅለት ይጮኻል። መበጠሱ ስላስፈራኝ እግሬን ጭኜ ቀረሁ። የመታሁት ሁሉ አልሞት አለ። አንዷን ቁልፍ ስድስት ጊዜ ስመታ ስድስቱም በአንድነት ይጮኻሉ፤ በላዩ ላይ ሌላው ክር ይጨመራል፣ በእሱም ላይ ሌላ። ስፒከሩ ደግሞ የአጎቴ ኩራት ነው፣ ጎብዬን ከዳር እስከ ዳር ያሰማል።

ዱላቸውን ይዘው የተሰለፉት ወንዶች እግራቸው ተምታታ። የራያ ጭፈራ የሚዘለለው ክራሩ ትንፋሽ በሰበሰበባት ቅጽበት ነው፤ እኔ ደግሞ ያቺን ቅጽበት ሞላኋት። አንዱ ቀድሞ ዘለለ፣ ሌላው ዘግይቶ ወረደ፣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት አስደግፈው ቆሙ። አንዲት እናት አጠገቤ መጥተው "ልጄ፣ ይኼ ነገር ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?" አሉኝ። የሙሽራዋ አባት ግን የተናገሩት ለአጎቴ ነው፣ ሁሉም ሰምቷል። "ይኼ የሰይድ ክራር ነው? ሰይድን ምን ነካው?"

አጎቴ መሰኪያውን ነቀለው። ሰርጉ በከበሮና በዘፋኙ ጩኸት አለቀ። ሥጋው ቀረበልን፤ አልወረደልኝም። ስንመለስ አጎቴ ከፊት ወንበር ሳይዞር ተናገረኝ። "ለእሑድ ዋጃ ሰርግ አለ። በዚያ ካልሆነ ሰይድን እመልሳለሁ፤ አንቺም ወደ መናኸሪያሽ ትመለሻለሽ።"

ሁለት ቀን ላፕቶፑን ሳፈርስ ስሠራ ዋልኩ። ድምፁን ባሳጥረው ይበጠሳል፣ ባስረዝመው ይደፈርሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ የማልፈልገውን መንገድ ሄድኩ። አያ ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ የመስኖ ሽንኩርት ነበራቸው። መንገዱ በቁልቋል አጥር መሐል ለመሐል ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ዞብል ተራራ ከሩቅ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳውጠነጥን ሁለት ጊዜ ከግማሽ መንገድ ተመልሼ ነበር።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ በዶማ ውሃ ይመራሉ። ቀና ብለው አዩኝና "መጣሽ?" አሉ።

"የጎብዬን ሰምተዋል?"

"ጎብዬ ሩቅ ነው እንዴ? ወሬው ከሚኒባሳችሁ ቀድሞ ገብቷል።" አንዱን ቦይ በጭቃ ዘጉ። "ለማስታወሻ ነው ያልሽኝ።"

"ዋሽቻለሁ" አልኩ።

"ያኔም አውቄያለሁ። ለማስታወሻ ብሎ አንዱን ክር አራት ጊዜ የሚያስመታ ሰው የለም።"

"ታዲያ ለምን መቱልኝ?"

"ብርሃኑ ከቆረጠ ቆረጠ። እኔ እምቢ ብል ከሌላ ሰው ትቀጂው የለ?" ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ወንበሩን ውሰጂው፣ አላህ ይባርክልሽ። እኔ ሽንኩርቴ አለልኝ። ስሜን ግን ጎብዬ ላይ ጣልሽው። 'ሰይድን ምን ነካው' አሉ አይደል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስመታ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።" ዓይናቸውን ወደ ቦዩ መለሱ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ቁጣም አልነበረም፣ ኀፍረት ነው። በእኔ ጥፋት እሳቸው አፈሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ነይ፣ አንቺው በዓይንሽ እዪ" አሉና ወደ ውሃው ጠቆሙኝ። "ውሃው ከላይ ይመጣል። መምጣት ሥራው ነው። ሁሉን ቦይ ክፍት ብተወው ሁሉም ጭቃ ይሆናል እንጂ አንዱም መደብ በወጉ አይጠጣም። የኔ ሥራ መዝጋት ነው።" አንዱን በዶማ ዘጉ፣ አንዱን ከፈቱ። "ክራርም ይኸው ነው። ቀኜ ሁሉን ክር አንድ ላይ ይገርፈዋል። የትኛው ይናገር የሚለው የግራዬ ነው። አምስቱን ይዘጋና አንዱን ይለቃል። አንቺ ደግሞ ተቀመጥበት አልሽኝ።"

ስንት ሰርግ ላይ እያየኋቸው አድጌያለሁ፤ ዓይኔ ግን ሁልጊዜ የሚመታው እጅ ላይ ነበር።

"ደግሞ አንድ ክር ሁለት ድምፅ የለውም" አሉኝ። "ሁለተኛው ሲመጣ የፊተኛው ይሙት።"

በማግሥቱ እህል ቤቱ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የቀዳሁት ግራ እጃቸውን ነው፤ ጣቶቻቸው የሚጮኸው ክር ላይ ሲያርፉ የሚሰማውን ያን ትንሽ የቆዳ ድምፅ። ሲጨርሱ ክራሩን በጋቢ እየጠቀለሉ፣ "አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉ። "የተሳካልሽ እንደሆነ የማን እጅ እንደሆነ ንገሪያቸው። ከተበላሸ አንቺው ያዢው።"

"እሺ" አልኳቸው። ይህ እንኳ ምን ችግር አለው ብዬ ነበር።

ትእዛዙን ከሥሩ ገለበጥኩት። ክሮቹ ሁልጊዜ ልቅ ናቸው፤ ፔዳሉን ስረግጥ ግን የአያ ሰይድ ግራ እጅ ያርፋል። ጣቴ ያልያዛቸው ክሮች ሁሉ ያን የቆዳ ድምፅ አሰምተው ይታፈናሉ። የተያዘው ብቻ ይናገራል። አንዱ ክር ሲደገም ደግሞ አዲሱ ሲነሳ የፊተኛው ይሞታል። ሞከርኩት። አንድ ጊዜ መትቼ እጄን ሰበሰብኩ፤ አያ ሰይድ ክፍሉ ውስጥ ያሉ መስሎኝ ዘወር አልኩ።

እሑድ ዋጃ ደረስን። አያ ሰይድ ከሙሽራው ወገን ዝምድና ስላላቸው እንደ እንግዳ ተጠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከዳሱ መሐል ተቀምጠዋል። ክራር ሳይዙ ሰርግ ላይ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ጀመርኩ። እግሬን ረገጥኩ፣ ለቀቅሁ፣ ረገጥኩ። ዱላዎቹ አንድ ላይ ተነሱ፣ እግሮቹ አንድ ላይ ወረዱ፣ አቧራው ተነሳ። ሴቶቹ በእልልታ ገቡ። ያ ሁልጊዜ ብቻውን መሬት ይመታ የነበረ እግሬ ሥራ አገኘ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፤ ዘፋኛችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ዘፈነ።

ሲያበቃ የሙሽራው አባት ወደ እኛ መጡ። ላባቸውን እየጠረጉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ለመሆኑ ይኼን ክራር ማን ነው የመታው?" አሉ።

አጎቴ እኔን ያየኛል። አያ ሰይድ መሬት መሬት ያያሉ፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ አሁንም ይነሳሉ፣ ያርፋሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እልልታው ደመቀ። ግንባሬ ላይ ብር ተለጠፈ። ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ረስቼው አይደለም። የገባሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለሁበት ቦታ ላይ መሆን ብቻ ፈልጌ፣ ሌላ የትም መሄድ አላማረኝም ነበር። ስማቸውን ብጠራ ያ ሁሉ ዓይን ከእኔ ተነስቶ ወደ እሳቸው እንደሚሄድ ታወቀኝ፣ አልለቀውም አልኩ።

ሰው ሲበተን አያ ሰይድ በአጠገቤ አለፉ። ቆሙ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም። ሽሙጥ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር።

ወንበሩን ሁለት ዓመት ተቀመጥኩበት። ከዚያ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ አልተመቸኝም፤ መቀሌ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አያ ሰይድ ሽንኩርታቸውን እያለሙ ኖሩ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆመው ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፤ እኔ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ። ሲሞቱ ለቅሶ ደርሼ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ፤ ያን ቀንም አልተናገርኩም። ላፕቶፑ በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ከቤታችን ወጥተን ስንመለስ አልነበረም፤ ቅጂዎቹም ከእሱ ጋር ሄዱ። ስለዚህ የዚያ እጅ ድምፅ ዛሬ የትም የለም።

ባለኪቦርዱ ከሄደ በኋላ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ወደ ገበያ ሄድኩ። የአያ ሰይድ ልጅ ዘሃራ እዚያ ማንጎና ሽንኩርት ትሸጣለች። ስንት ዓመት ከእሷ ስገዛ ኖሬያለሁ። ቆሜ፣ ቁጭ ሳልል፣ አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእህል ቤቱን፣ ቃሌን፣ ዋጃን። ዘሃራ ማንጎዎቿን እየደረደረች አዳመጠችኝ።

"አውቀዋለሁ እኮ እትዬ" አለችኝ። "ከዋጃው ሰርግ በኋላ ሰው ሁሉ ቤታችን እየመጣ 'ሰይድ፣ እጅህን ሰማነው፤ ማንን ልታታልሉ ነው?' ይለው ነበር። ያዳመጡት ሁሉ ለይተውታል። አባቴ ግን 'እኔ አይደለሁም፣ የብርሃኑ እህት ልጅ ናት የመታችው' ይላል። እማዬ ተናዳ 'የገዛ እጅህን ለምን ትክዳለህ?' ብትለው፣ 'ልጅቱ በሰው ፊት ተናግራለች፤ እኔ ውሸታም ላድርጋት?' አላት። እስኪሞት እንዲሁ እንዳለ ነው።"

ማንጎ መርጣ ሰጠችኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ። ሸክሜን ላራግፍ ሄጄ ጨምሬበት ተመለስኩ። የነጠቅኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው በየቀኑ ስማቸውን ይዞላቸው ሲመጣ፣ ለእኔ ሲሉ በየቀኑ መልሰውታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ መዋል አልቻልኩም። የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ የዋጃው ሙሽራ አባትም በሕይወት የሉም። ቢሆንም ያ የዋጃው ጥያቄ ዳግም ሳይጠየቅም መመለስ አለበት። በዚያ ሰርግ ላይ ክራሩን የመቱት አያ ሰይድ ናቸው።